ጅብ፦ ተፈጥሮው፣ ጠባዩና ከጅጋ ገበሬ ጋር ያለው ኑሮ

ስለ ድብ ያልሰማ ተማሪ የለም፤ ድብን በአገሩ ጫካ ያየ ኢትዮጵያዊ ግን አንድም የለም። ዳዊት እረኛ በነበረ ጊዜ አንበሳና ድብ መግደሉን፣ በነቢዩ በኤልሳዕ ላይ በተሳለቁት ልጆች ላይ ሁለት ድቦች ከዱር መውጣታቸውን ከልጅነታችን ጀምረን እየሰማን አድገናል። ስሙን ከመጻሕፍት ተቀበልነው እንጂ አውሬው ከእኛ ጋር አልኖረም።

ዛሬ በዓለም ላይ የሚገኙት የድብ ዝርያዎች 8 ናቸው። ከነዚህም አንዱ እንኳ ከሰሐራ በረሃ በስተደቡብ በዱር አይኖርም። አፍሪካ በቅርብ ዘመን የነበራት ድብ አንድ ብቻ ሲሆን፣ እርሱም በሞሮኮ፣ በአልጄሪያና በቱኒዝያ ተራሮች ይኖር የነበረው የአትላስ ድብ ነው። ሮማውያን ለትርኢት ሜዳቸው ያስይዙት ነበር፤ ኋላም ደኑ ሲመነጠርና ጠመንጃ ሲበዛ ቁጥሩ እያነሰ ሄዶ በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ገደማ ጠፋ። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት፣ ሌላ ካላልን በቀር፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

ስለ ጅብ ልንጽፍ ተነሥተን በድብ የጀመርነው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ በሌላው ዓለም ድብ በገበሬው ደጅ የያዘውን ስፍራ፣ ማለት ሌሊት የሚመጣውን፣ ከብት የሚወስደውን፣ የሚፈራውንና ተረት የሚነገርለትን አውሬ ስፍራ፣ በእኛ አገር የያዘው ጅብ ስለ ሆነ ነው። ሁለተኛም፣ አውሬ ጠፍቶ ስሙ ብቻውን ሊቀር እንደሚችል የአትላስ ድብ ስለሚያስተምረን ነው።

ሀ. ነገሩ የተነሣበት ምክንያት

ከእኛ መካከል ሁለታችን የጅጋ ልጆች ነን። ጅጋ ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ ደንበጫ ከታለፈ በኋላ ፍኖተ ሰላም ሳይደረስ የምትገኝ የጃቢ ጠህናን ወረዳ ከተማ ናት። አገሩ በቆሎ፣ ጤፍና በርበሬ የሚበቅልበት ለም አገር ነው። ሜዳው ሁሉ ታርሷል፤ ጫካ ተብሎ የሚጠራው በየቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ፣ በየወንዙ ዳርና በየገደሉ የቀረው ነው። ቢሆንም ማታ መብራት ሲጠፋ የጅብ ጩኸት የማይሰማበት ሌሊት ጥቂት ነው።

ለዕረፍት አገር ቤት በገባን ጊዜ የአንዲት ባልዋ የሞተባት ጎረቤታችን አህያ ከበረት ውጭ አድራ በጅብ ተበላች። አህያ ለባለጸጋ ከከብቶቹ አንዷ ናት፤ ለድኻ ሴት ግን እግርም ጀርባም ናት። በርበሬውን ወደ ገበያ፣ እህሉን ወደ ወፍጮ የምታደርሰው እርሷ ስለ ሆነች፣ አህያይቱ ስትሞት ሸክሙ ወደ ሴትዮዋ ጀርባ ይዛወራል። ጎረምሶች ተቈጥተው በተረፈው ሥጋ ላይ የሰብል ተባይ መግደያ መድኃኒት ሊነሰንሱበት ተነሡ። አንድ ሽማግሌ ግን፣ «ተዉ ልጆቼ፤ መርዝ እኮ የማንን ሆድ እንደሚገባ አይጠይቅም» ብለው ለመኑ። አልሰሟቸውም። በማግሥቱ ከሥጋው አጠገብ የተገኙት ሬሳዎች ሁለት የመንደር ውሾችና አራት ጥንብ አንሳዎች ነበሩ። በሦስተኛው ሌሊት ጅቡ ከዚያው ከቦረቦሩ ጮኸ።

ሽማግሌውም ወደ እኛ ዞረው፣ «እናንተ የተማራችሁት ምን ትላላችሁ?» ብለው ጠየቁን። «አባባ፣ እስቲ አይተን እንነግርዎታለን» ከማለት በቀር የምንመልሰው አልነበረንም። ስለ እንቁራሪት አካል ብዙ ተምረናል፤ በየሌሊቱ በደጃችን ስለሚያልፈው አውሬ ግን ከአያቶቻችን ተረት የሚበልጥ ዕውቀት አልነበረንም። ይህ ጽሑፍ እንግዲህ ለእኒያ ሽማግሌ የዘገየ መልስ ነው።

ለ. ጅብ ከማን ወገን ነው?

ብዙ ሰው ጅብን የውሻ ዘመድ አድርጎ ያስባል። መልኩና አሯሯጡ ውሻን ቢያስመስለውም፣ ሊቃውንት በአጥንቱና በዘሩ መርምረው ለውሻና ለቀበሮ ሳይሆን ለድመትና ለጥርኝ የሚቀርብ መሆኑን አስረድተዋል። የሚያስገርመው፣ ከላይ ያነሣነው ድብ በውሻ ወገን የሚቈጠር ሲሆን ጅብ በድመት ወገን መሆኑ ነው። እንዲያውም ጅብ ለብቻው አንድ ቤተ ሰብ ሲሆን፣ በዚህ ቤተ ሰብ ውስጥ ዛሬ የቀሩት አራት ዝርያዎች ብቻ ናቸው።

የመጀመሪያው በመላ አገራችን የሚታወቀው፣ በጅጋም የሚጮኸው ባለ ነጠብጣቡ ጅብ ነው። ሁለተኛው ባለ መስመሩ ጅብ ሲሆን ከእርሱ ያነሰ፣ ጋማው የረዘመ፣ ብቻውን የሚዞርና በደረቅ አገር የሚኖር ነው። ሦስተኛው በደቡባዊ አፍሪካ የሚኖረው ቡናማ ጅብ ነው። አራተኛው ምስጥ ብቻ እየላሰ የሚኖር ትንሽ ጅብ ነው። ከአራቱ ሦስቱ፣ ማለት ከቡናማው በቀር ያሉት፣ በኢትዮጵያ ይገኛሉ። በዚህ ጽሑፍ ጅብ ስንል ባለ ነጠብጣቡን ማለታችን ነው።

ሐ. አካሉና ጕልበቱ

ዐዋቂ ጅብ ከ45 እስከ 80 ኪሎ ይመዝናል። የፊት እግሮቹ ከኋላዎቹ ስለሚረዝሙ ጀርባው ወደ ጭራው ያዘቀዝቃል፤ ስለዚህም በዝግታ ሲሄድ ያነከሰ ይመስላል። አባቶቻችን «ጅብ እስኪነክስ ያነክሳል» ያሉት ይህንን አይተው ነው። ነገር ግን ይህ አነካከስ ማታለያ አይደለም፤ ከባዱን አንገትና ትከሻ ለመሸከም የተሠራ አቋም ነው። ጅብ በዚህ አንገቱ ከባድ ሥጋ በአፉ ይዞ ረጅም መንገድ ሊሄድ ይችላል።

የልቡ ነገርም አስደናቂ ነው። የጅብ ልብ ከጠቅላላ ክብደቱ 1 በመቶ ያህል ይሆናል፤ የአንበሳ ልብ ግን የዚህን ግማሽ ያህል ነው። አንበሳ አድብቶ በአጭር ሩጫ ይይዛል፤ ካልያዘም ደክሞት ይተዋል። ጅብ ግን በሰዓት እስከ 60 ኪሎ ሜትር በሚደርስ ፍጥነት ይሮጣል፤ ያሳደደውንም እንስሳ እስኪያደክመው ድረስ ብዙ ኪሎ ሜትር ሊከተለው ይችላል።

ጅብ የሌላውን ትርፍ የሚለቅም ፈሪ አውሬ ነው የሚለው አስተሳሰብ ለረጅም ዘመን ጸንቶ ኖሮ ነበር። በ1960ዎቹ ሃንስ ክሩክ የተባለ የሥነ ሕይወት ሊቅ በታንዛኒያ በሴሬንጌቲና በንጎሮንጎሮ ሌሊት ሌሊት መንጋውን እየተከተለ አጠና፤ ጥናቱንም በ1972 በመጽሐፍ አሳተመ። በንጎሮንጎሮ ያሉት ጅቦች አብዛኛውን ምግባቸውን ራሳቸው አድነው እንደሚገድሉ፣ ጠዋት ጠዋት በሬሳው ላይ የሚታየው አንበሳም ብዙ ጊዜ ጅቦቹ የገደሉትን ቀምቶ የሚበላ መሆኑን አረጋገጠ። ሰው ነገሩን በቀን ብቻ ስላየ ባለቤቱን ሌባ፣ ሌባውን ባለቤት አድርጎ ኖሯል።

መንጋጋው የበሬን ጭን አጥንት ሰብሮ መቅኑን ያወጣል። ከዚህም በላይ የሆዱ አሲድ አጥንቱን ራሱን ይፈጨዋል። በየመንገዱ ዳር የምናየው የጅብ ኩስ ደርቆ እንደ ኖራ ነጭ የሚሆነው ከአጥንት በመጣው ካልሲየም ምክንያት ነው። ነገር ግን ጠጉርና ሰኮና አይፈጩለትም፤ ጠቅልሎ ያስታውካቸዋል። ቀንድም ብዙ ጊዜ ይተርፈዋል። «የጅብ ችኩል ቀንድ ይነክሳል» የሚለው ተረት እንግዲህ በሳይንስ በኩልም ሲታይ ትክክል ሆኖ ተገኝቷል።

መ. ሴቶች የሚገዙት ማኅበር

ጅብ በማኅበር የሚኖር እንስሳ ነው። የዱር እንስሳ በሞላበት ሜዳ አንዱ ማኅበር እስከ 80ና ከዚያም በላይ አባላት ሊኖሩት ይችላል፤ ምግብ በሌለበት ደረቅ አገር ግን ጥቂት ብቻ ይሆናሉ። ማኅበሩ የራሱ ወሰን አለው፤ ወሰኑንም ከጭራው ሥር ባለው ዕጢ ሽታ ያለው ቅባት በሣር ላይ እየቀባ ያመለክታል።

በዚህ ማኅበር ውስጥ የበላይነት የሴቶች ነው። ሴቲቱ ከወንዱ በአካል ትተልቃለች፤ በሥጋ ላይም ትቀድማለች። ማዕርግ ከእናት ወደ ልጅ ይወርዳል። የአለቃይቱ ግልገል ገና ጡት ሳይጥል ከእናቱ ቀጥሎ ያለውን ስፍራ ይይዛል፤ ትልልቆቹም ሁሉ ይህን ያውቁለታል። ወንዱ ግን ከሁለት ዓመት በላይ ሲሆነው ብዙውን ጊዜ የተወለደበትን ማኅበር ትቶ ወደ ሌላ ይሄዳል፤ በዚያም ከሁሉ በታች ሆኖ ተራውን እየጠበቀ ይኖራል። በኬንያ በማሳይ ማራ በኬይ ሆልካምፕ መሪነት ከ1988 ጀምሮ የተካሄደው ጥናት፣ እያንዳንዱ ጅብ የማኅበሩን አባላት ሁሉ ለይቶ እንደሚያውቅ፣ ማን ከማን በላይ እንደ ሆነም እንደሚያስታውስ አስረድቷል።

በሌሊት የምንሰማው «ዉ...ዉፕ» የሚለው ጩኸት እስከ 5 ኪሎ ሜትር ሊሰማ ይችላል። እያንዳንዱ ጅብ የራሱ የሆነ ድምፅ ስላለው፣ ሌሎቹ የጠራው ማን እንደ ሆነ ይለዩታል። ሳቅ የሚባለውም የደስታ ድምፅ አይደለም፤ ጅብ በትልቅ ሲጠቃ፣ ወይም በሥጋ ላይ ግፊያ ሲበዛበት የሚያሰማው የጭንቅ ድምፅ ነው።

ስለ ጅብ ጾታ ከጥንት ጀምሮ ብዙ ተብሏል። ጅብ ወንድም ሴትም ነው፣ አንድ ዓመት ወንድ ሆኖ ሌላውን ዓመት ሴት ይሆናል የሚለው ወሬ በግሪክ አገር እንኳ ይነገር ነበር፤ አርስጣጣሊስም ወሬው ሐሰት መሆኑን ጽፏል። የወሬው መነሻ ግን አለ። የባለ ነጠብጣቡ ጅብ ሴት የብልቷ ቅርጽ ከወንዱ ጋር እጅግ ስለሚመሳሰል፣ ባለሙያ እንኳ ከሩቅ ለመለየት ይቸገራል። የምትሽናውም፣ የምትገናኘውም፣ የምትወልደውም በዚሁ ነው። የዚህን አፈጣጠር ምክንያት ሊቃውንት አሁንም ይመራመሩበታል። ለእንስሳይቱ ግን ዋጋው ከባድ ነው፤ በመጀመሪያ ወሊድ ጊዜ ብዙ ግልገሎች ታፍነው ይሞታሉ።

እርግዝናው 110 ቀን ያህል ነው። ብዙውን ጊዜ የሚወለዱት አንድ ወይም ሁለት ናቸው። ዓይናቸው ተገልጦ፣ ጥርሳቸው በቅሎ ስለሚወለዱ ገና በተወለዱ ሰዓት እርስ በርሳቸው ይነካከሳሉ። ግልገሎቹ የሚያድጉት በጎሬ ውስጥ ነው፤ እናቲቱም ከአንድ ዓመት በላይ ታጠባቸዋለች። እያንዳንዷ እናት የምታጠባው በአብዛኛው የራሷን ልጅ ብቻ ስለ ሆነ፣ አንዲት የምታጠባ እናት ብትገደል ግልገሎቿ በጎሬው ውስጥ በረኀብ ያልቃሉ። ይህንን ነጥብ አንባቢ እንዲያስታውስልን እንለምናለን፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለንና። ጅብ ቁጥሩ ብዙ መስሎ ቢታይም፣ በዝግታ የሚራባ እንስሳ ነው።

ሠ. ጅብ በእኛ አገር ምን ይበላል?

በሴሬንጌቲ ያለው ጅብ የሜዳ አህያና ድኩላ የመሰለውን የዱር እንስሳ ያድናል። የእኛ ደጋና ወይና ደጋ ግን የዱር እንስሳው ካለቀ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ታዲያ ጅቡ ምን በልቶ ይኖራል?

ለዚህ ጥያቄ መልስ የሰጡን የመቀሌ ዩኒቨርስቲው ግደይ ይርጋና ባልደረቦቹ ናቸው። ያጠኑበት ዘዴ ቀላል ነው። የጅብ ኩስ ሰብስበው በውስጡ ያለውን ጠጉር በማጕሊያ መነጽር እየመረመሩ የየትኛው እንስሳ እንደ ሆነ ለዩ። በትግራይ ባጠኑባቸው ቦታዎች የተገኘው ጠጉር ከሞላ ጎደል ሁሉም የቤት እንስሳ ሆኖ ተገኘ።

በ2012 ያሳተሙት ጥናት ከሁሉ ይበልጥ የሚያስደንቅ ነው። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ክርስቲያኑ ሥጋ ስለማይበላ ከብት አይታረድም፤ አጥንትና አንጀትም በየቆሻሻው አይጣልም። እንግዲያስ ጅቡስ ይጾማልን? ተመራማሪዎቹ ከጾሙ በፊት፣ በጾሙ ጊዜና ከጾሙ በኋላ ኩስ ሰበሰቡ። የአህያ ጠጉር የተገኘበት ኩስ ከጾሙ በፊት 15 በመቶ ያህል ነበር፤ በጾሙ ጊዜ ወደ 33 በመቶ ከፍ አለ፤ ከፋሲካ በኋላ ወደ 22 በመቶ ወረደ። ማለት ሰው ሥጋ ሲተው ጅብ ወደ አህያ ዞረ። የእኛ ማዕድና የጅብ ማዕድ አንድ ቤት የተዘረጋ መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ነገር የለም።

ጥናቱ የተደረገው በትግራይ ነው፤ ዐቢይ ጾም ግን በጎጃምም ያው ዐቢይ ጾም ነው። የጅጋ ገበሬም በየካቲትና በመጋቢት አህያውን አጥብቆ እንዲዘጋ ብንመክረው ከዚህ የተነሣ ነው።

ረ. ጥቅሙና ጉዳቱ በሚዛን

ጉዳቱን አስቀድመን እንናገር። ጅብ አህያ፣ በግ፣ ፍየልና ጥጃ ይበላል። በአገራችን በየጊዜው ሕፃናትንና በሜዳ የተኙ ሰዎችን መንከሱና መግደሉም የታወቀ ነው። እንደ ሌሎች አጥቢ እንስሳት የውሻ በሽታ ሊይዘውና በንክሻው ሊያስተላልፈው ይችላል። ይህንን ሁሉ ረስቶ ስለ ጅብ ጥበቃ የሚሰብክ ተማሪ፣ በገበሬው ፊት መሳለቂያ ቢሆን አይፈረድም።

ጥቅሙንስ ማን ቈጥሮት ያውቃል? ይኸንንም የቈጠሩ አሉ። ግደይ ይርጋ ከሁለት የውጭ አገር ባልደረቦቹ ጋር ሆኖ በመቀሌ ዙሪያ ያደረገውና በ2021 የታተመው ጥናት፣ በከተማይቱ ዳርቻ ያሉት ጅቦች በዓመት 207 ቶን የሚያህል የሞተ እንስሳ ሥጋና አጥንት እንደሚያስወግዱ ገምቷል። በዚህም ምክንያት አባ ሰንጋና የከብት ሳንባ ነቀርሳ በየዓመቱ 5 ሰዎችንና 140 የቤት እንስሳትን እንዳይዝ ይከለክላሉ ሲል አስልቷል። አባ ሰንጋን የሚያመጣው ተሐዋሲ በአፈር ውስጥ ለብዙ ዓመት ተደብቆ መኖር እንደሚችል የምናውቅ ሁሉ፣ ሬሳው ሜዳ ላይ ሳይበሰብስ መነሣቱ ምን ያህል ጥቅም እንዳለው እንረዳለን። በየገበያው ቀን በየሥጋ ቤቱ ጓሮ የሚጣለውን አጥንት በማግሥቱ የማናየው ለምን ይመስለናል? ደመወዝ የማይከፈለው ጠራጊ ሌሊት መጥቶ ስለ ወሰደው ነው።

የሐረር ሰዎች ይህንን ከእኛ በፊት ተረድተውታል። በጀጎል ግንብ ላይ ጅብ ሌሊት ገብቶ የሚወጣበት ቀዳዳ አለ፤ በዓሹራ በዓል ገንፎ ያቀርቡለታል፤ ማታ ማታም ሥጋ በእጅና በአፍ የሚያጐርሱት ሰዎች መኖራቸው በዓለም የታወቀ ነው። ጅጋ ሐረርን ትምሰል ማለታችን አይደለም። ሰውና ጅብ በአንድ ከተማ ለብዙ መቶ ዓመታት መኖራቸውን ግን ምስክር አድርገን እናቀርባለን።

ሰ. ስለ ቡዳ የሚባለው

በአገራችን ስለ ጅብ ሲነሣ ቡዳ ሳይነሣ አይቀርም። ብረት ሠሪው፣ ሸክላ ሠሪዋ ሌሊት ጅብ ሆነው ይሄዳሉ የሚለውን ወሬ ያልሰማን ማን ነን? ከላይ እንዳየነው ጅብ ከጅብ የሚወለድ፣ እናቱን የሚያውቅ፣ ከአንድ ዓመት በላይ ጡት የሚጠባ እንስሳ ነው። ሰው ጅብ አይሆንም። ይህ ወሬ ጅቡን የሚጐዳው ትንሽ ነው፤ ማረሻውን የሚቀጠቅጥልንንና እንስራውን የምትሠራልንን ወገናችንን ግን ከማኅበር አስወጥቶ፣ ከጋብቻ አግዶ ኖሯል። የሥነ ሕይወት ትምህርት በአገር ቤት ሌላ ጥቅም ባይኖረው እንኳ፣ ይህን አንድ ሐሰት ለማፍረስ ቢረዳ ዋጋውን ከፍሏል እንላለን።

ሸ. ጅብ ሊጠፋ ይችላልን?

አንዳንድ ወንድሞቻችን ይህን ጽሑፍ ስናዘጋጅ፣ «ጅብ ደግሞ ምን ጠባቂ ያስፈልገዋል? በየደጁ ሞልቶ የለምን?» ብለው ስቀውብን ነበር። በ1998 የወጣ ግምት በመላ አፍሪካ ያለውን የባለ ነጠብጣብ ጅብ ቁጥር ከ27,000 እስከ 47,000 አድርጎታል። ይህ ቁጥር ለአንድ ክፍለ ዓለም ብዙ አይደለም። የዓለም የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ጅብን ለጊዜው ከማያሰጉት ዝርያዎች ቢመድበውም፣ ቁጥሩ እየቀነሰ መሄዱን ይመሰክራል። መርዝ፣ ወጥመድና የመኖሪያው መጥበብ ዋናዎቹ ምክንያቶች ናቸው። በአንድ የተመረዘ ሬሳ ላይ ብዙ የማኅበሩ አባላት አብረው ይሞታሉ፤ የሚያጠቡት ሲሞቱ ደግሞ ከላይ እንዳልነው ግልገሎቹም አብረው ያልቃሉ። ጅቡን የሚከተሉት ጥንብ አንሳዎችም ይብሳሉ፤ ከነርሱ ብዙዎቹ ዝርያዎች ዛሬ በአፍሪካ ለመጥፋት ከተቃረቡት ተርታ ገብተዋል።

ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ከጅጋ በስተምሥራቅ የሚታየው የጮቄ ተራራ አንድ ጊዜ የቀይ ቀበሮ መኖሪያ ነበር። ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም ላይ የትም የለም፤ ዛሬ ያሉት ዐዋቂዎች ከ500 በታች ናቸው፤ ከነርሱም የሚበልጡት በባሌ ተራሮች ይኖራሉ። ከጮቄ ግን ጠፍቷል። ደጋው ታረሰ፤ ከብቱና ውሻው በዛ፤ ቀበሮውም ስፍራ አጣ። የጠፋበትን ቀን የጻፈ የጎጃም ልጅ አልነበረም። ዛሬ የጮቄ እረኛ ስለ ቀይ ቀበሮ የሚያውቀው እኛ ስለ ድብ የምናውቀውን ያህል ነው፤ ስሙን ብቻ።

ቀ. ምን ይደረግ?

ለእኒያ ሽማግሌ የምንመልሰው እንግዲህ ይህን ነው።

1. አህያ ውጭ አትደር። ጅብ የሚበላው የተዘጋበትን ሳይሆን የተተወለትን ነው። ያረጀችን ወይም የቈሰለችን አህያ ወደ ሜዳ ማባረር፣ ጅብን ወደ መንደር መጥራትና የአህያን ሥጋ ማስለመድ ነው። በረቱ በድንጋይ ካብ ወይም በወፍራም የእሾህ አጥር ይከበብ፤ በሩም እንደ አጥሩ ጠንካራ ይሁን።

2. በዐቢይ ጾም ወራት ጥበቃው እጥፍ ይሁን። ምክንያቱን ከላይ ተናግረናል።

3. የሞተ ከብት በመንደር አጠገብ አይጣል። በበሽታ የሞተ ከሆነ ለእንስሳት ሐኪም ይነገር፤ በተለይ በአባ ሰንጋ የተጠረጠረ ሬሳ ሳይከፈት በጥልቅ ይቀበር።

4. ሕፃናት በሌሊት ብቻቸውን አይላኩ። በቆሎ ጠባቂም መሬት ላይ ከመተኛት ማማ ላይ ይደር። የተነከሰ ሰው ቢኖር ቍስሉ ወዲያውኑ በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ይታጠብ፤ ሳይውል ሳያድርም ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። የውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መድኃኒት የለውም ማለት ይቻላል።

5. መርዝ ፈጽሞ ይቅር። መርዝ በዳዩን ለይቶ አይገድልም። ሰውን የለመደና የሚያጠቃ አውሬ ሲኖር ነገሩ ለወረዳው ይነገር። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የዱር እንስሳት አዋጅ ቁጥር 541 ያለ ፈቃድ ማደንን ይከለክላል።

ለእኛ ለተማሮችም የሚተርፍ ሥራ አለ። በጅጋ፣ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ገጠር በዓመት ስንት አህያ በጅብ ይበላል? ከነዚህስ ስንቶቹ ከበረት ውጭ ያደሩ ናቸው? ጎሬዎቹ በየትኛው ቦረቦር፣ በየትኛው የቤተ ክርስቲያን ደን ይገኛሉ? ይህንን ለመመለስ ከውጭ አገር ባለሙያ ማስመጣት አያስፈልግም። አንድ ደብተር፣ አንድ ማጕሊያ መነጽርና የጎረቤትን ቃል በትዕግሥት የሚሰማ ጆሮ ይበቃል። ከመካከላችን ለዕረፍት ወደ አገሩ የሚሄድ ሁሉ በየሰፈሩ የተበላውን ከብት ቀኑን፣ ቦታውንና የታሰረበትን ሁኔታ ጽፎ ቢመለስ፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ስለ ምዕራብ ጎጃም ጅብ ከግምት የሚሻል ነገር ይኖረናል።

በ. መደምደሚያ

ጅብን ውደዱት አላልንም። አህያዋን ለተበላባት ሴት ይህን ማለት ድፍረት ነው። ጎረቤታችን ዛሬም በርበሬዋን በጀርባዋ ተሸክማ ወደ ገበያ ትወጣለች፤ የጠፋባት ነገር በእኛ ጽሑፍ አይተካም። የምንለው፣ የተበላችው አህያ በር ባለመዘጋቱ የተበላች መሆኗን፣ መርዙም በሩን የማይዘጋ መሆኑን ነው። ሠፈሩ ተረዳድቶ ለዚያች ሴት አጥርና በር ቢሠራላት፣ ከአንድ ቆርቆሮ መርዝ የሚበልጥ ሥራ ይሠራል። ሁለታችን በሚመጣው ዕረፍት በዚህ ለመጀመር ተስማምተናል።

ምናልባት ሽማግሌው ደግመው ይጠይቁን ይሆናል። በዚያን ጊዜ «አባባ፣ እውነት ብለው ነበር» ብለን እንጀምራለን፤ ከዚያም ምክንያቱን አንድ በአንድ እንነግራቸዋለን።